‹የእኔ ነው› ያልኩት ዜማ

ጋሽ ቦጋለ ስልካቸውን ያቀበሉኝ ምሳ ሰዓት ላይ ነበር።

«ባድሩ፣ አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ ይላሉ፤ እስቲ ይቺን ኢሜይል አንብብልኝ» አሉኝ። እጄን ጠረግሁና ስልኩን ተቀበልኳቸው።

የምንሠራው እዚህ በሰው አገር፣ ኤደን ፕሬሪ በምትባል ከተማ ካለ አንድ መጋዘን ነው። እኔ የማሸጊያው መስመር ኃላፊ ነኝ፤ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ጋሽ ቦጋለ የገቡት ባለፈው መስከረም ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ዝምተኛ፣ ልብሳቸው ሁልጊዜ ንጹሕ፣ ካርቶን ሲያሽጉ ጣቶቻቸው ከሁላችንም የሚፈጥኑ ሰው ናቸው። ኪቦርድ እንደሚጫወቱ አውቃለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሠርግ ላይ እንደሚሠሩ፣ ኒው ሆፕ ባለው አፓርትመንታቸው ልጆች እንደሚያስተምሩ ራሳቸው ነግረውኛል። ከዚያ በላይ አልጠየቅኋቸውም። እኛ አገር ሰው መሀል ኪቦርድ የሚነካ ብዙ ስለሆነ ብዙም ነገሬ አላልኩትም።

ኢሜይሉ በእንግሊዝኛ ነው። ዩቲዩብ ላይ የጫኑት ቪዲዮ በባለመብቱ ጥያቄ ተነሥቷል፤ ያቀረቡትንም ተቃውሞ ባለመብቱ አልተቀበለውም ይላል። ከታች የባለመብቱ ስም ተጽፏል፦ «ባለ ካሴቱ»።

ባለ ካሴቱ እኔ ነኝ።

«ምን ይላል?» አሉኝ ጋሽ ቦጋለ።

«ማሽን ነው ጋሼ። አንዳንዴ እንዲህ ይሳሳታል። ምንም ማድረግ አይቻልም።»

«የራሴ ሥራ እኮ ነው» አሉ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዜማውም ቅንብሩም የእኔ ነው። በሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ የሠራሁት። ይሄ ‹የእኔ ነው› የሚለው ሰውዬ ማን ነው?»

«እኔ እንጃ» አልኩ።

ስልኩን መለስኩላቸው። ከዚያም ምሳዬን በላሁ፤ እስከ መጨረሻው። ያን ምሳ እንዴት እንደጨረስኩት ዛሬም አይገባኝም።

ነገሩ የተጀመረው ከስምንት ዓመት በፊት ነው። ፊሊፕስ በሚባለው ሰፈር የነበረ አንድ የካሴትና የቪዲዮ ሱቅ ሲዘጋ፣ ባለቤቱ አሥር ካርቶን ካሴት ሊጥል አውጥቶ ደጅ ላይ ደርድሮት ነበር። ለመንኩትና ወሰድኩት። መጀመሪያ የገለበጥኩት መኪና ውስጥ ልሰማው ነው። በኋላ ዩቲዩብ ላይ መጫን ጀመርኩ። ሰው ወደደው። ከዱባይ፣ ከዋሽንግተን፣ ከአዲስ አበባ «ተባረክ፣ ታሪካችንን አዳንክልን» ብለው ይጽፉልኛል። እኔም አመንኳቸው። ታሪክ አዳኝ ነኝ ብዬ አመንኩ። ቻናሉም ቀስ በቀስ የመኪናዬን ወርሃዊ ክፍያ ይችልልኝ ጀመር።

ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ ስሙን ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቅ አንድ ድርጅት ጻፈልኝ። ዘፈኖቹን በስምህ እናስመዝግብልህ፣ ሌላ ሰው ሲጭናቸው ወይ ገቢው ወደ አንተ ይመጣል፣ ወይ ቪዲዮው ይነሣል አለኝ። ቅጹ ላይ «የዚህ ሥራ ሕጋዊ ባለቤት እኔ ነኝ» የሚል ሳጥን ነበረው። ምልክት አደረግሁበት። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ተሳሳትኩ ባልኩ ነበር። ዘጠኝ መቶ ዘፈን ላይ ነው ያደረግሁት። ዘፋኞቹ አብዛኞቹ ሞተዋል፣ ሙዚቃ ቤቶቹም ተዘግተዋል፣ ማን ይጎዳል እል ነበር። ከዘፋኙ ጀርባ ቆሞ ዜማ የደረሰ፣ ቤዝ የመታ፣ ኪቦርድ የነካ ሰው እንዳለ፣ ያ ሰውም እንደ እኔ የቤት ኪራይ እንደሚከፍል አስቤው አላውቅም።

አንድ ሰው ሲቃወም መልእክት ይመጣልኛል። ሁለት ቁልፍ አለው፤ «ልቀቅ» እና «አጽና» ማለት ነው። እኔ የምጫነው ሁልጊዜ «አጽና»ን ነበር። የሚቃወሙት እንደ እኔው ካሴት የሚገለብጡ ሰዎች ስለሚመስሉኝ አላነብባቸውም።

ያን ቀን ከሥራ ወጥቼ ፓርኪንግ ውስጥ፣ ሞተር ሳላስነሣ፣ ስልኬ ላይ የድሮዎቹን መልእክቶች ፈለግሁ። የጋሽ ቦጋለ ሦስት ነበሩ። እንግሊዝኛቸው የተሰባበረ ነው። የመጀመሪያው «ይህን ኪቦርድ የሚጫወተው ሰው እኔ ነኝ፤ ከአራት ጓደኞቼ ጋር ሠራነው፤ ሦስቱ ሞተዋል» ይላል። ሁለተኛው ላይ የጓደኞቻቸውን ስም ከነአባታቸው ዘርዝረዋል። ሦስተኛው «ጌታዬ፣ እባክዎ ይደውሉልኝና እንነጋገር» ብሎ ስልክ ቁጥር አስከትሏል። ቁጥሩ ስልኬ ውስጥ አለ። «ቦጋለ ማሸጊያ» ብዬ ነው የመዘገብኩት።

ሦስቱንም አጽንቻቸዋለሁ። የመጨረሻውን ያጸናሁበትን ቀንና ሰዓት አየሁት፤ ሐሙስ፣ ስድስት ሰዓት ከሩብ። ሐሙስ በዚያ ሰዓት የምንበላው አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። በአንድ እጄ ሳንድዊች ይዤ፣ በሌላው አውራ ጣቴ ተጭኜ፣ ቀና ስል ፊት ለፊቴ የተቀመጡት እሳቸው ይሆናሉ። ምናልባትም ጨው አቀብለውኝ ይሆናል።

«ልቀቅ»ን ተጫንኩ። በሁለት ቀን ቪዲዮው ወደ ቦታው ተመለሰ። አየሁት። ጋሽ ቦጋለ ኮትና ክራቫት አድርገው ሳሎናቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። ከራሳቸው የቆየ ካሴት ዘፈኑን ያሰማሉ፤ መሀል መሀሉ ላይ ቆም እያደረጉ «እዚህ ጋ ድራመራችን ሳቀ፣ ልብ ብላችሁ ስሙት» ይላሉ። እኔ ያንን ዘፈን መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሳቁን ግን ሰምቼው አላውቅም።

በቃ፣ ነገሩ አለቀ ብዬ አሰብኩ። ማንም ሳያውቅ ተስተካከለ።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ቦጋለ ከሰዓት መፈረሚያው ማሽን አጠገብ ቆመው ጠበቁኝ።

«ባድሩ! ተመለሰ እኮ! ምን አድርገህ ነው?»

እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አፌ ግን «ትንሽ ሞካክሬ ነበር» አለ።

«እግዜር ይስጥህ፤ ልጅ ይውጣልህ» ብለው ትከሻዬን ያዙኝ። ከዚያ ፈገግታቸው ቀዘቀዘ። «ብቻ ዘገየብኝ። ለሜሳን ታውቀዋለህ? ሴንት ፖል ባንድ ያለውን?»

ለሜሳን የማያውቅ የለም። አዳራሽ አለው፤ በበጋ ፌስቲቫሎቹን ሁሉ የሚይዘው የእሱ ባንድ ነው።

«ኪቦርድ ተጫዋች ፈልጎ ነበር። በየእሑዱ ሥራ፣ በጋውን ሙሉ ደግሞ ጉዞ። ቢሳካልኝ እዚህ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ እገባ ነበር፤ ይሄ የካርቶን ማሸጊያ ቴፕ መጎተት የእጄን አንጓ ጨርሶታል። ቪዲዮህን ላክልኝ አለኝ፣ ላክሁለት። ሲከፍተው ‹በባለቤቱ ጥያቄ ተነሥቷል› ይላል። ለልምምድ ስሄድ ልጆቹ ሁሉ ባሉበት ‹የሰው ሥራ የእኔ ነው እያሉ መዞር በእርስዎ ዕድሜ አያምርም› አለኝ።» ቦርሳቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «ያ ካሴት በወጣ በሳምንቱ ኮፒው መርካቶን ሞላው። ሙዚቃ ቤቱ ከሰረ፤ ለሁለተኛው ካሴት የሚከፍለን አጣን። ባንዳችን ተበተነ፣ ድራመራችን ሚኒባስ መንዳት ገባ። ግን ያኔ የሰረቁን ሰዎች እንኳ እኔን ሌባ አላሉኝም።»

ይህን ብለው ከቦርሳቸው የተጠቀለለ የምግብ ዕቃ አወጡ። «እህተማርያም ናት የላከችልህ። ለረዳህ ልጅ ስጠው ብላኝ ነው። አይዞህ ብላው፤ ሁዳዴ ላይ ስለሆንን ሥጋም የለበት፣ ምንም የለበት።»

ባለቤታቸውን አይቻቸው አላውቅም። ሙስሊም መሆኔን ግን አስበውልኛል። ያለ ጭንቀት የምበላውን ምግብ ሠርተው ላኩልኝ።

ዕቃውን ቤት ይዤው ገባሁ። ባለቤቴ ኢብሲቱ ከሥራ መጥታ ሶፋው ላይ ተጋድማ ነበር። ክዳኑን ከፈተችና «ኡፍ፣ ሽታው ደስ ሲል! ከማን ነው?» አለች።

ነገርኳት። መጀመሪያ ከማን እንደሆነ ብቻ ነው ልነግራት ያሰብኩት። ለምን እንደተላከ ስትጠይቀኝ ግን ሁሉንም ዘረገፍኩት። ስጨርስ ተነሥታ ምግቡን ወደ ሌላ ሳህን ገለበጠችና ዕቃውን ማጠብ ጀመረች።

«አትበዪም?» አልኳት።

«ለእኔ አልተላከም። ለአንተም አልተላከም፤ ለረዳቸው ሰው ነው የተላከው» አለች። ዕቃውን አድርቃ ፊቴ አስቀመጠችው። «አሁን ይሄን ምን ሞልተህ ትመልስላቸዋለህ?»

የሰው ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ሦስት ቀን አሰብኩ። ሐሙስ ሥራ ቦታ ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ተጠጋኋቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ካርቶን ጠይቄያቸው ተመለስኩ። ቅዳሜ ጠዋት ባዶውን ዕቃ ይዤ ኒው ሆፕ ሄድኩ።

በሩን የከፈቱልኝ ወይዘሮ እህተማርያም ናቸው። የሚሠሩበትን የአረጋውያን መጦሪያ የደንብ ልብስ ገና አላወለቁም። «አንተ ነህ ባድሩ? ግባ፣ ግባ የእኔ ጌታ!» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ጋሽ ቦጋለ ከኪቦርዳቸው ተነሥተው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ሳሎኑ በቪዲዮው ያየሁት ሳሎን ነው።

ወይዘሮ እህተማርያም ሻይ ሊያቀርቡልኝ ሲነሡ «እትዬ፣ ቆይ ይቀመጡ» አልኳቸው። እንዴት እንደምጀምር በመንገድ ላይ ሁሉ ስለማመደው ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝ።

«ባለ ካሴቱ እኔ ነኝ» አልኩ።

አልገባቸውም። ጋሽ ቦጋለ ፈገግ እንዳሉ «ምን?» አሉኝ።

«ቪዲዮውን ያስነሣው ሰው። ‹የእኔ ነው› ያለው። እኔ ነኝ ጋሼ። ኢሜይሉን ባነበብኩልዎ ቀንም አውቄ ነው የዋሸሁዎ።»

ወይዘሮ እህተማርያም ተቀመጡ። ጋሽ ቦጋለ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። የተናደዱ አይመስሉም ነበር፤ የሚያውቁትን ሰው ፊት ፈልገው ያጡ ነው የሚመስሉት።

«ሦስት ጊዜ ጽፌ ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ሦስቱንም አንብበህ ነው?»

«አላነበብኳቸውም። ሳላነብብ ነው የተጫንኩት።»

«አንብበህ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አሉ። «አንብበህ ‹ይዋሻል› ብትል፣ ቢያንስ ሰው መልስ ሰጠኝ እል ነበር። ያቺን እንግሊዝኛ ለመጻፍ ሁለት ሁለት ቀን ነው የፈጀብኝ።»

መሬት መሬት አየሁ። ባዶው ዕቃ ጉልበቴ ላይ ነው።

«ገንዘቡስ?» አሉ ወይዘሮ እህተማርያም። ድምፃቸው ተለውጧል።

«ተዪው አንቺ» አሉ ጋሽ ቦጋለ።

«አልተወውም። እኔ ሁለት ቦታ የምሠራው ለምን ይመስልሃል? ሌሊት ሌሊት እጅህን እያመመህ ስትገላበጥ ሳልተኛ የማድረው እኔ ነኝ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ከእሱ ዘፈን ያገኘኸውን በሙሉ፣ ከነወረቀቱ አምጣ። የሌላው ሰው አያገባኝም። የእሱን ግን አምጣ።»

«አመጣለሁ እትዬ።»

«እትዬ አትበለኝ» አሉ። ዕቃውን ከጉልበቴ ላይ አንሥተው ወደ ወጥ ቤት ገቡ።

ጋሽ ቦጋለ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከዚያ፣ ልክ ለማያውቁት ሰው እንደሚናገሩ፣ በትሕትና «ነገ ከሰዓት ለሜሳ ዘንድ ልምምድ አለ። እዚያ መጥተው ይህንኑ ቢናገሩልኝ» አሉ።

የተሳሳቱ መሰለኝ። ከመስከረም ጀምሮ አንተ ነበር የሚሉኝ፤ እንዲያውም ሲቀልዱ «አንተ ልጅ» ይሉኝ ነበር።

«እኔን ነው ጋሼ?»

«አዎ፣ እርስዎን» አሉኝ።

ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

እሑድ ዕለት የእሳቸው መኪና ጋራዥ ስለነበር ሴንት ፖል የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። አዳራሹ ስንገባ ባንዱ ልምምድ ላይ ነበር። ኪቦርዱ ላይ የተቀመጠው ይዲድያ የሚባል ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው። ለሜሳ ሲያየን እጁን አንሥቶ ሙዚቃውን አስቆመ።

ተናገርኩ። ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ ስልሳ ሆነው ታዩኝ። ስሜን፣ የቻናሉን ስም፣ ምን እንደፈረምኩ፣ ምን እንደተጫንኩ፣ ዜማው የማን እንደሆነ። ስጨርስ ለሜሳ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አይደለም፤ ሊያቀልልኝ ፈልጎ ነው።

«ኧረ ባድሩ፣ ይሄን ያህል አታካብደው! ሁላችንም እኮ ኮፒ እየሰማን ነው ያደግነው። ስንት ሰው ያደርገዋል!»

ከልጆቹም ሁለት ሦስቱ ሳቁ። እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ለአንድ አፍታ ቀለል አለኝ። ወዲያው ጋሽ ቦጋለን አየሁና ቅለቱ እንደ እሳት ፈጀኝ። አልሳቁም።

«ለሜሳ፣ የመጣሁት ስለ ካሴት ለመጨዋወት አይደለም» አሉት። «ልጆቹ ባሉበት የተባልኩትን ልጆቹ ባሉበት እንድታነሣልኝ ነው።»

ለሜሳ ማይኩን አስቀምጦ ከመድረኩ ወረደ። «ይቅርታ ጋሽ ቦጋለ። ሳላጣራ ነው የተናገርኩት፤ አጥፍቻለሁ» አለና እጃቸውን ያዘ። ቀጥሎ አንገቱን አሸት አሸት አደረገ። «ሥራው ግን... ይዲድያን ቀጥረነዋል። ውል ፈርመናል።»

ይዲድያ ከኪቦርዱ ተነሥቶ ቆሞ ነበር፤ የት እንደሚገባ ጨንቆታል። ጋሽ ቦጋለ «ተቀመጥ ልጄ፣ አንተ ምን አደረግህ» አሉት። ሠርግ ሲኖር እንደሚደውልላቸው ለሜሳ ቃል ገባ። እሺ አሉትና ወጣን።

ኒው ሆፕ ስንደርስ ከአፓርትመንታቸው አንድ መንገድ ሲቀረን «እዚህ ጋ ያውርዱኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። ወርደው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

በሳምንቱ ያዘዙኝን ገንዘብ ከነወረቀቱ ለወይዘሮ እህተማርያም ወሰድኩላቸው። በር ላይ ቆመው ተቀበሉኝ። ግባ አላሉኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ከድርጅቱ ጋር ያለኝን ውል አፈረስኩ። ቻናሉንም ዘጋሁት። ተከታዮቼ በሌላ መንገድ እየጻፉ ሰደቡኝ፤ «ታሪካችንን ቀበርከው» አሉኝ። በእኔ ቻናል አራት መቶ ሺህ ሰው የሰማው ዘፈን፣ በእሳቸው ቻናል እስካሁን ስምንት መቶ ሰው እንኳ አልሰማውም። ያን መመለስ አልቻልኩም። ሰው ሁሉ እሳቸው ጋ ሄዶ እንዲሰማ ብዙ ቦታ ጻፍኩ፤ ጥቂቶች ሄዱ።

ጋሽ ቦጋለ በሐምሌ ወደ ሌሊቱ ሺፍት ተዛወሩ። እኔ ስገባ እሳቸው ይወጣሉ። «ደኅና አደሩ?» ይሉኛል፤ አንድም ቀን ሳይሉኝ አልፈው አያውቁም። በእርስዎ። አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ሠርግ ይሠራሉ። በቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ ጥቁር ማሰሪያ አድርገዋል።

አንድ ቀን እንደማይሆን እያወቅሁ «በካሴቶቹ ላይ የተጫወቱትን ሌሎች ሰዎች ልፈልጋቸው ነው፤ የሚያውቋቸው ካሉ ይንገሩኝ» አልኳቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሎከሬ ውስጥ አንድ ወረቀት ተቀምጦ አገኘሁ፤ በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት አሥራ አንድ ስም፣ ለአምስቱ ስልክ ቁጥር። ሌላ ቃል የለበትም።

ትናንት ወደ መጀመሪያው ቁጥር ደወልኩ። በዘፈኑ ላይ የሳቀው ድራመር ራሱ ሞቷል፤ ቁጥሩ ዴንቨር የምትኖረው የልጁ የሜቲ ነው። ስልኩን ያነሣችው ሥራ ላይ ሆና ነው፤ ከኋላዋ ጫጫታ ይሰማል።

«ስለ አባትሽ ሙዚቃ ነበር የደወልኩት» አልኳት።

ጫጫታው ራቀ፤ ወደ ውጭ የወጣች መሰለኝ። «የአባቴን ሙዚቃ ታውቀዋለህ?» አለች በደስታ። «ማን ልበል?»

ስሜን ነገርኳት። ከዚያ ያደረግሁትን መናገር ጀመርኩ።